በልክ የሚሠራ የጥልቅ ባሕር ማጥመጃ ጀልባ አመራረጥ፦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ርክክብ

ይህ መመሪያ ከ50 እስከ 65 ጫማ፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚረዝም የስፖርት ማጥመጃ ጀልባ በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሰሜን ካሮላይና የተወሰዱ ናቸው፤ ምክንያቱም ማንቲዮ፣ ዋንቺስና ቦፈርት አካባቢ በልክ የሚሠሩ ጀልባዎች ሥራ ትውልድ ተሻግሯል። የዚህ ዓይነት ጀልባ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በፍሎሪዳ፣ ዌስት ፓልም ቢች፣ የራይቦቪች ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1947 ሚስ ሼቪ ቱ የተባለችውን ጀልባ ከሠራ ወዲህ ነው። የካሮላይናው ቅርጽ ደግሞ በበጋ እንግዳ ይዘው እያጠመዱ፣ በክረምት የራሳቸውን ጀልባ ይሠሩ ከነበሩ ካፒቴኖች እጅ የወጣ ነው።

ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ክብደት። በልክ የሚሠራ ጀልባ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ትልቅ ስህተት ሳይሆን እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም በማይመስል ጭማሪ ነው። ሠሪው «አይ» ማለት ያፍራል፣ ገዢው እየከፈለ ስለሆነ መብቱ ይመስለዋል፤ ሂሳቡን የሚያወራርደው ባሕሩ ነው።

1. ስለ ጀልባው ሳይሆን ስለ ውኃው ይጻፉ

ሠሪ ቤት ከመደወልዎ በፊት አንድ ገጽ ያዘጋጁ። ጀልባው የት ያድራል? ከዚያ እስከ ማጥመጃው ስንት ማይል ነው? መንገዱ ላይ ጥልቀት የሌለው ቦታ አለ? በየትኛው ወር የትኛውን ዓሣ ያሳድዳሉ? ስንት ሰው ያድርበታል? ካፒቴን ይቀጥራሉ ወይስ ራስዎ ይነዳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ራሱ የሚነዳ ባለቤት የሞተር ክፍሉ ሰፊ፣ የመሣሪያው ብዛት ትንሽ እንዲሆን ያስፈልገዋል።

ለምሳሌ ኦሪገን ኢንሌት ከሚባለው የሰሜን ካሮላይና የባሕር መውጫ የሚነሣ ጀልባ የሞቀው የገልፍ ጅረት ዳር ለመድረስ 40 ኖቲካል ማይል ገደማ ይሄዳል። መውጫው ላይ አሸዋው ያለማቋረጥ ቦታ ይቀያይራል፤ ውኃው ወደ ባሕር እየፈሰሰ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ማዕበሉ አፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይሰበራል። ስለዚህ እዚያ የሚያድር ጀልባ ጥልቀት የማይፈልግ፣ ፊቱ ደረቅ፣ ሲመለስ ደግሞ ከኋላ የሚገፋው ማዕበል አቅጣጫ የማያስተው መሆን አለበት። ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሱ አንባቢዎች የሚቀርበው የሜሪላንዱ ኦሽን ሲቲ ነው፤ ከዚያ ባልቲሞርና ዋሽንግተን የሚባሉት የባሕር ሥር ሸለቆዎች ከ50 ማይል በላይ ይርቃሉ። ርቀቱ ሲጨምር የናፍጣ መጠንና የመመለሻው ምቾት ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚያ ናፍጣውን ያስሉ። የናፍጣ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 0.05 ጋሎን ይፈጃል። ሁለት ባለ 1,600 ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ያሉት ባለ 60 ጫማ ጀልባ ሙሉ ሲረገጥ በሰዓት 160 ጋሎን፣ በ30 ኖት (በሰዓት 30 ኖቲካል ማይል) የጉዞ ፍጥነት 105 ጋሎን ገደማ ይበላል ብለው ይያዙ። 40 ማይል በ30 ኖት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ 140 ጋሎን። ደርሶ መልስ 280። ማማለያ እየጎተቱ በ7 ኖት ለ7 ሰዓት ሲዞሩ 100 ያህል፣ ለጄኔሬተር 25። ድምሩ 405 ጋሎን። የቆየው የባሕር ሕግ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠባበቂያ ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 610 ጋሎን የሚወጣለት ሰልባትዮ ያስፈልጋል። 700 ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ገዢዎች ግን «ለማንኛውም» ብለው 1,200 ያዛሉ። አንድ ጋሎን ናፍጣ 7.1 ፓውንድ ይመዝናል፤ 1,200 ጋሎን ማለት 8,520 ፓውንድ፣ ወደ 3.9 ቶን ነው። ባሃማስ ወይም ቤርሙዳ የሚሄዱ ከሆነ ይገባል። በዓመት አንዴም የማይሄዱ ከሆነ ለሌሉበት ጉዞ ቦታና ክብደት እየከፈሉ ነው። መጠኑ ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው ሰልባትዮ የጀልባው ተንሳፋፊነት ማዕከል አካባቢ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። ወደ ኋላ ከተገፋ ጀልባው በጠዋት ሞልቶ ሲወጣና በማታ ጎድሎ ሲመለስ አቀማመጡ ይለያያል፣ አንዱን ካስተካከሉ ሌላው ይበላሻል።

2. የሆዱን ቅርጽ ይለዩ

ጀልባውን ከኋላው ቆመው ሲያዩት ሆዱ ከመሃሉ ወደ ሁለቱ ጎን እየወጣ የሚሄድበት ማዕዘን አለ፤ ሠሪዎች ዴድራይዝ ይሉታል። ማዕዘኑ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ጀልባው ከፊት የሚመጣን ማዕበል ለስለስ አድርጎ ይሰነጥቃል፣ ነገር ግን ቆሞ ሲንሳፈፍ ይወዛወዛል፣ ከውኃው ተነሥቶ ላዩ ላይ ለመንሸራተትም ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በትንሽ ጉልበት ይነሣል፣ ማማለያ ሲጎተት ይረጋል፣ በማዕበል ላይ ግን ይደበድባል። የካሮላይና ሠሪዎች መፍትሔ ፊቱን እንደ ስለት አጥብበው፣ ወደ ኋላ እየሄደ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ እንዲጠፈጠፍ ማድረግ ነው። ለጎታች ዓሣ አጥማጅ የምንመርጠውም ይህንን ነው።

ከፊት በኩል ጎኑ ወደ ውጭ እንደ አበባ መከፈቱ የካሮላይና ጀልባ መለያ ሆኗል። ሥራው ረጨቱን ወደ ውጭና ወደ ታች መመለስ ነው። ውበቱ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ከልክ በላይ የተከፈተ ፊት ክብደቱ ላይ ይወጣል፣ ነፋስም ይይዛል። ሊፈትኑት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ስለታም ፊት ያለው ጀልባ ከኋላ በሚመጣ ማዕበል ላይ ሲወርድ አፍንጫው ይቀበርና ወደ አንድ ጎን ሊዞር ይፈልጋል። ይህ በኢንሌት አፍ ላይ ከሆነ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ሠሪው ከዚህ በፊት በዚያው ቅርጽ የሠራው ጀልባ ላይ ይውጡ፤ የሚወጡትም ጸጥ ባለ ቀን ሳይሆን ከኋላ 4 ጫማ የሚሆን ማዕበል ባለበት ነው። በ18 ኖት መሪውን ይያዙና ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክሉት ይቁጠሩ።

«አዲስ ቅርጽ እንሞክራለን» ከተባሉ፣ ሥዕሉን የሠራው የባሕር መሐንዲስ ማን እንደሆነና የክብደት ስሌቱን ማን እንዳረጋገጠ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ቅርጽ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የሙከራውን ዋጋ ግን እርስዎ ብቻ መሸከም የለብዎትም።

3. ከምን ይሠራ?

ምርጫው በተግባር ሁለት ነው፦ በኤፖክሲ የተጣበቀ እንጨት፣ ወይም በመሃሉ ፎም ያለበት ፋይበርግላስ።

የመጀመሪያው ኮልድ ሞልድ ይባላል። ጀልባው ተገልብጦ፣ በቅርጽ መያዣ ጎድኖችና በቁመት በተዘረጉ ወራጆች ላይ ይሠራል። ኦኩሜ ከሚባለው እንጨት የተሠራ የባሕር ኮምፔርሳቶ በጠባቡ እየተቆረጠ በሰያፍ ይለጠፋል፤ ቀጣዩ ሽፋን በተቃራኒው ሰያፍ ይሄዳል። ሆዱ ላይ ሦስት ወይም አራት፣ ጎኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሽፋን የተለመደ ነው። ከላይ ፋይበርግላስ ጨርቅ በኤፖክሲ ይለብሳል። ቅርጹ ለአንድ ጀልባ ብቻ ሊለወጥ ይችላል፣ ድምፅ ያፍናል፣ ድካምን ይችላል። ኮምፔርሳቶው ቢ.ኤስ. 1088 የሚለው ማኅተም እንዳለው በዓይንዎ ይዩ።

የሚበላሸው የት ነው? ሦስት ቦታ ይመልከቱ።

አንደኛ፣ እርጥበት። እንጨቱ ሲጣበቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። ወርክሾፑ ውስጥ መለኪያ አለ ወይ? መዝገቡስ? ኮምፔርሳቶው በር ላይ ዝናብ እየነካው የተደረደረ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ኤፖክሲው ሲደርቅ ፊቱ ላይ የሚወጣው ሰም መሰል ልባስ። አሚን ብላሽ ይባላል፤ በተለይ ቀዝቃዛና እርጥብ ቀን ይበዛል። በጣት ሲነካ ያዳልጣል። በንጹሕ ውኃና በሻካራ ስፖንጅ ታጥቦ ካልተነሣ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሽፋን የተለጠፈው ልባሱ ላይ እንጂ ጀልባው ላይ አይደለም። ያለ ማጠብ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ መፈግፈግ ልባሱን ወደ ውስጥ ያሸዋል። ሠራተኞቹ ከመፈግፈግ በፊት ሲያጥቡ ካዩ ጥሩ ቤት ገብተዋል።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳ። የኮልድ ሞልድ ጀልባ የሚበሰብሰው ከባሕር ውኃ ይልቅ በዝናብና በማጠቢያ ንጹሕ ውኃ ነው፤ መግቢያውም ለአንድ ዘንግ መያዣ፣ ለአንድ መብራት ወይም ለአንድ አንቴና የተበሳ ቀዳዳ ነው። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን መጀመሪያ በ12 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳል፤ የተጋለጠው እንጨት ቀጭን ኤፖክሲ ይጠጣል፤ ከዚያ በወፈረ ኤፖክሲ ጉድጓዱ ይሞላል፤ በማግስቱ በመሃሉ 6 ሚሊ ሜትር ይበሳል። እንዲህ ከተደረገ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውኃው የሚያገኘው ኤፖክሲ እንጂ እንጨት አይደለም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በአንድ ጀልባ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ አለ። ስለዚህ በውሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ «ከውኃ መስመር በላይም ሆነ በታች የሚበሳ ማንኛውም ቀዳዳ በኤፖክሲ ተሞልቶ እንደገና ይበሳል»። ከርክክብ በኋላ ራዳር የሚተክለው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም ይህንኑ እንዲጠብቅ ያድርጉ፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ፎም ያለበት ጀልባ አይበሰብስም፣ በደንብ ከተሠራም ቀላል ነው። ድክመቱ ውኃ ወደ ፎሙ ከገባ አለመውጣቱ፣ ሽፋኑም ከፎሙ መላቀቁ ነው። በሆዱ ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቧንቧ ዙሪያ ፎሙ ተነሥቶ ቦታው ደፍኖ በፋይበርግላስ መሞላቱን ይጠይቁ። በመዶሻ ቀስ ብሎ እያንኳኩ ማዳመጥ ዛሬም ይሠራል፤ ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የታፈነ።

4. የክብደት ሰንጠረዥ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው። ሠሪው እያንዳንዱን ዕቃ ከነክብደቱና ከነቦታው የያዘ ሰንጠረዥ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ናፍጣ፣ ውኃ፣ በረዶ ማምረቻ፣ እብነ በረድ፣ የሰው ብዛት ሳይቀር። ሰንጠረዡ የሌለው ሠሪ በዓይን ነው የሚገምተው። ልምድ ያለው ሰው በዓይኑ ጥሩ ሊገምት ይችላል፤ እርስዎ ሐሳብዎን በለወጡ ቁጥር ግን ግምቱ ይፈርሳል።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በዚህ ዓይነት ጀልባ ላይ ፍጥነት በግምት ከክብደቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ክብደቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጥነቱ በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 70,000 ፓውንድ ታስቦ 77,000 የሆነ ጀልባ በ35 ኖት ፋንታ 33.4 ይሄዳል ማለት ነው። ያንን 1.6 ኖት ለመመለስ 10 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ይከብዳል፣ ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል፣ ናፍጣው ይከብዳል። ፍጥነቱ እንኳ ቢቀር፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚቀመጥ ጀልባ ይረጫል፣ ፕሮፔለሩም ለእሱ አልተቆረጠም።

በውሉ ውስጥ ባዶ ክብደቱ ከተስማሙበት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ ይጻፉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጀልባው የሚነሣበት ተንቀሳቃሽ ክሬን አብዛኛውን ጊዜ የክብደት መለኪያ አለው። ወደ ውኃ ሲወርድ ቁጥሩን ያንብቡና ፎቶ ያንሡ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የለውጥ ጥያቄ ሠሪው በአንድ ወረቀት ሦስት ነገር ይሙላ፦ ዋጋ፣ ተጨማሪ ቀን፣ ተጨማሪ ክብደት። ብዙ ፍላጎት ሦስተኛውን ቁጥር ሲያዩት ይቀዘቅዛል።

5. ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፕሮፔለር

በዚህ መጠን የሚመረጡት ካተርፒላር፣ ማን እና ኤም.ቲ.ዩ. ናቸው። ከስሙ ይልቅ ማሪናዎ አጠገብ የሚመጣው መካኒክ የትኛውን እንደሚያውቅና ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቁ። ሐምሌ ላይ አንድ የውኃ ፓምፕ አሥር ቀን ካስጠበቀ የዓመቱ ማጥመድ አለቀ ማለት ነው።

ፕሮፔለር ላይ ግን አይቸኩሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ጀልባው ናፍጣ፣ ውኃ፣ በረዶና የማጥመጃ ዕቃ ሞልቶ ሙሉ ሲረገጥ ሞተሩ የተመዘገበለትን ዙር መድረስ፣ ጥቂትም ማለፍ አለበት። ባለ 1,600 ፈረስ ጉልበቱ ካተርፒላር ሲ32 የተመዘገበለት 2,300 ነው፤ አዲስ ጀልባ 2,330 ወይም 2,350 ቢያሳይ ደግ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ጀልባው ዕቃ ያጠራቅማል፣ ሆዱም አረንጓዴ ያበቅላል። 2,230 ላይ የሚቆም ሞተር ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው። የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ቫልቭና ተርቦ ይቃጠላል፣ የአምራቹ ዋስትናም ሊቀር ይችላል። ባዶ ጀልባ ላይ ተለክቶ «ደርሷል» የሚባል ቁጥር ዋጋ የለውም።

በፕሮፔለሩ ጫፍና በሆዱ መካከል ያለው ክፍተት ከፕሮፔለሩ ስፋት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፤ ለ36 ኢንች ፕሮፔለር ከ3.6 ኢንች አያንስም። ከጠበበ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያንን ደግሞ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

6. ኮክፒት፦ ገንዘቡ የሚሠራበት ቦታ

ኋላ ያለው የማጥመጃ ወለል ኮክፒት ነው፤ ጀልባው በሙሉ የሚሠራው ለእሱ ሲባል ነው። ሥዕል አይበቃም። ሠሪው በርካሽ ኮምፔርሳቶ ሙሉ መጠኑን ወርክሾፑ ወለል ላይ ያቁምልዎት፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ የሚከተሉትን በገላዎ ይሞክሩ።

የጎኑ ከንፈር ከጉልበትዎ በላይ፣ ጭንዎ ላይ ማረፍ አለበት። ከጉልበት በታች ከሆነ ዓሣ ሲጎትት ሰው ይጥላል። ከወገብ ከደረሰ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ የመንጠቆውን ገመድ መያዝ፣ ማርሊኑንም ሳይጎዳ መልቀቅ አይችልም። ከከንፈሩ ሥር እግር የሚገባበት ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሁለት እጁ በሥራ የተያዘ ሰው የሚቆመው በጣቶቹ ነው።

አጥማጁ ተቀምጦ ትልቅ ዓሣ የሚታገልበትን የፍልሚያ ወንበር ቦታ በእውነተኛ ወንበርና በእውነተኛ የማጥመጃ ዘንግ ይወስኑ። ወንበሩ ወደ ሁለቱም የኋላ ማዕዘን ሲዞር የዘንጉ ጫፍ ከጀልባው ጠርዝ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ዓሣው ወደ ጀልባው ሥር ሲገባ ገመዱ ጠርዙ ላይ ይፋጫል፣ ይበጠሳል። ወንበሩ የሚቆምበት ወለል ሥር ከወራጆቹ ጋር የታሰረ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ወይም ድፍን ማጠናከሪያ ይኑር። በክረምት በካሮላይና ዳርቻ ትልልቅ ብሉፊን ቱና ለሚያሳድድ ሰው ይህ የሚታለፍ አይደለም።

ትልቅ ዓሣ ወደ ኮክፒቱ የሚገባበት የኋላ በር፣ የቱና በር የሚባለው፣ መዝጊያው ጠንካራ ይሁን። ጀልባው ዓሣውን ተከትሎ በፍጥነት ወደ ኋላ ሲሄድ ውኃው በሩን ከውጭ ይገፋል፤ መዝጊያው ሁለት ቦታ ይያዝ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው፦ ወደ ኋላ ሲኬድ ውኃ ወደ ኮክፒቱ ይገባል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። አደጋው ያ ውኃ በወለሉ ክዳኖች በኩል መሪው ወዳለበት የኋላ ክፍል ሲወርድ ነው። የኋላው ይከብዳል፣ ይበልጥ ይጠልቃል፣ ይበልጥ ውኃ ይገባል። እያንዳንዱ ክዳን ዙሪያውን ቦይ፣ ጎማ ማሸጊያና ወደ ውጭ የሚያፈስ ቱቦ ይኑረው፤ በኋላው ክፍል ውስጥ አውቶማቲክ ፓምፕና መሪው ጋ የሚጮህ የውኃ ማንቂያ ይተከል። ከርክክብ በፊት ኮክፒቱን በማጠቢያ ቱቦ ሞልተው በስንት ደቂቃ እንደሚፈስ ይለኩ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ከሥሩ ያለውን በደረቅ ጨርቅ ይዳስሱ። ጨርቁ እርጥብ ከወጣ አይፈርሙ።

7. የሞተር ክፍል

አንድ ፈተና ይበቃል፦ የባሕር ውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ በፊትዎ ይፍቱና ይቀይሩት። መካኒኩ በሁለት እጁ ከደረሰ፣ ከሞተሩ ውጭኛ ጎን መቆሚያ ካለ፣ የናፍጣ ማጣሪያው ሳይፈስ ከወጣ፣ ክፍሉ ደህና ነው። ሞተሩ አንድ ቀን መውጣቱ ስለማይቀር ከላዩ ያለው የሳሎን ወለል በብሎን የሚነሣ ይሁን፤ አለዚያ ወለሉ በመጋዝ ይቆረጣል።

8. ማማ፣ ጋይሮ፣ ቲክ

የቱና ማማ ዓሣ ከሩቅ ለማየት ወደር የለውም፤ ነገር ግን ክብደቱ ያለው ከፍ ብሎ ነው፣ ከላይ ሁለት ሰው ሲወጣበትም ይብሳል። ጀልባው ከተገፋ በኋላ በፍጥነት የሚመለስ ከሆነ የረጋ ነው፤ ጎኑ ላይ ጋደል ብሎ «እየዘገየ» የሚመለስ ከሆነ ከላይ ከብዷል።

ሲኪፐርን የመሰለ ጋይሮ፣ ማለትም በውስጡ በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ጎማ ያለው ማረጊያ፣ ውዝዋዜን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ማማለያ እየተጎተተ ሲዋል ሰው አይደክምም። ዋጋው ብቻውን አይደለም የሚታየው፤ በዚህ መጠን ጀልባ ላይ የሚገባው ከ800 ኪሎ እስከ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ሙሉ ዙሩ ላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ጄኔሬተር ሁልጊዜ እንዲሠራለት ይፈልጋል። እንጨምረው ካሉ ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን፣ የሚታሰርበት ወራጅ ለእሱ ተብሎ ይሠራ። ጀልባው አልቆ የሚገባ ጋይሮ የሌላውን ሁሉ ቦታ ያፈናቅላል።

ቲክ ወለል ከፈለጉ የእንጨቱን ምንጭ በሰነድ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2021 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የማያንማርን የመንግሥት የእንጨት ድርጅት በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ምንጩ ያልታወቀ ቲክ የሕግ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

9. ሠሪውና ውሉ

ሠሪ ቤት ሲሄዱ ያለቀውን ጀልባ ሳይሆን በግማሽ ያለውን ይመልከቱ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ እንጨቱ በኤፖክሲ ተለብሷል? ሽቦዎቹ ስማቸው ተለጥፎባቸዋል? ከዚያ አምስትና አሥር ዓመት የሆናቸውን ጀልባዎች ባለቤቶችና በተለይ ካፒቴኖች ያነጋግሩ። ባለቤቱ ያወድሳል፤ ካፒቴኑ ግን የትኛው ፓምፕ እንደማይደረስ ያውቃል።

ሥራው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ገንዘቡ ከሥራው አይቅደም። የምንመክረው አከፋፈል 10 በመቶ ቀብድ፣ ከዚያ ሆዱና ጎኑ ሲለጠፍ፣ ተገልብጦ ሲቆም፣ ሞተሮቹ ሲገቡ፣ ቀለም ሲያልቅ፣ ውኃ ላይ ሲወርድ፣ በመጨረሻም ከባሕር ሙከራው በኋላ ጉድለቶቹ ሲታረሙ ብቻ የሚለቀቅ ከ5 እስከ 10 በመቶ። በእያንዳንዱ ደረጃ ገለልተኛ መርማሪ ይላኩ፤ ሳምስ ወይም ናምስ የሚባሉት የመርማሪዎች ማኅበራት አባል ይሁን፣ ሠሪው የመረጠው አይሁን። ኤሌክትሪኩና የናፍጣው መስመር የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤትን (ኤ.ቢ.ዋይ.ሲ.) ደረጃ እንዲያሟላ በውሉ ይጻፍ።

ሠሪው ከከሠረ ምን ይሆናል? በግማሽ ያለው ጀልባ የእርስዎ መሆኑ ካልተጻፈ ለሠሪው አበዳሪዎች ይውላል፣ እርስዎም በወረፋው መጨረሻ ይቆማሉ። ባለ 12 ፊደልና አሃዙ የጀልባ መለያ ቁጥር ውሉ ላይ ይስፈር፣ በየክፍያው ባለቤትነቱ ወደ እርስዎ ይተላለፍ፣ ጠበቃዎም በጀልባው ላይ መብት እንዳለዎት ለሌሎች አበዳሪዎች የሚያሳውቀውን፣ ዩ.ሲ.ሲ. 1 የሚባለውን ቅጽ በግዛቱ መዝገብ ያስገባ። ጀልባው እየተሠራ ሳለ በእሳት ቢወድም የሚከፍል ኢንሹራንስ መኖሩን፣ ስምዎም በሰነዱ ላይ መግባቱን ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ለብዙ ወገኖቻችን የሚጠቅም ነጥብ አለ፦ አንድን ጀልባ በአሜሪካ የባሕር ጠባቂ ኃይል መዝገብ ማስመዝገብ የሚችለው ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በግዛት መዝገብ ሊይዘው ይችላል፤ ይህን መጠን ጀልባ እንግዳ እየጫነ ለማሠራት ካሰበ ግን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የባሕር ሕግ ጠበቃ ያማክር።

10. የባሕር ሙከራ

ሰልባትዮው ሙሉ፣ በረዶው ገብቶ፣ ዘንጎቹ ተሰቅለው ይውጡ። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሻፍት ከካምቢዮው ጋር በአንድ መስመር መሆኑ የሚለካው ጀልባው ውኃ ላይ ካደረ በኋላ ነው፤ መሬት ላይ የተስተካከለ አካል ውኃ ሲይዘው ይለወጣል። የመጋጠሚያው ልዩነት ለእያንዳንዱ ኢንች ስፋት ከአንድ ሺህኛ ኢንች አይበልጥ።

ከ1,000 ዙር ጀምሮ በየ200ው እየጨመሩ ፍጥነት፣ ናፍጣ፣ የጭስ ሙቀትና ግፊት ይመዝግቡ፤ እያንዳንዱን በሁለት አቅጣጫ ሄደው አማካዩን ይያዙ፣ ጅረቱ እንዳያታልልዎት። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 7 ኖት አውርደው ከኋላ ቆመው የሚተወውን ውኃ ይመልከቱ። በሁለቱ ፕሮፔለሮች አረፋ መካከል ሰማያዊና ጥርት ያለ መንገድ መታየት አለበት፤ ማማለያው የሚሄደው እዚያ ላይ ነው፣ አረፋ ከሞላው ዓሣው አያየውም። በጎን ማዕበል፣ በፊት ማዕበል፣ በኋላ ማዕበል እያንዳንዱን 20 ደቂቃ ይሂዱ። በመጨረሻ ሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ይምቱ፣ ቆም ብለው የኋላውን ክፍል ይክፈቱ።

ጉድለቶቹን በዚያው ቀን በጽሑፍ ይስጡ፤ ለእያንዳንዱ የሚታረምበት ቀን ይኑር። ከርክክብ በኋላ 50 ሰዓት ሲሞላ ጀልባው ወደ ሠሪው ይመለስና ሻፍቱ እንደገና ይለካ፣ የሞተር መሠረት ብሎኖች ይጠበቁ፣ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ይላክ። የናሙናው ውጤት ከሙከራው ቀን ቁጥሮች ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ለምን 40 ዙር እንደጎደለው ሲጠየቅ ክርክሩ የሚፈታው በዚያ ፋይል ነው።